ዚያራ በጀጎል

ከአዲስ አበባ በድሬዳዋ አድርጎ ሐረር የሚገባ ቤተሰብ የሚወሰድበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፦ የራምቦ ቤት፣ የልብስ ሰፊዎቹ ጎዳና መኪና ግርግር፣ ገበያው ግድር መጋላ፣ ሲመሽ ደግሞ የጅብ ትርኢት። ከነዚህ ሁሉ ስለ ሐረሪዎች ኑሮ እጅግ ጥቂት የሚነግረው የመጀመሪያው ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም.፣ የሞተው በ1884 ዓ.ም. ነው። በስሙ የሚጠራውን ባለቀለም መስታወት ያለው ፎቅ ያሠራው ግን አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ያውም ገጣሚው ካለፈ በኋላ ነው። ቤቱ ያምራል፤ ፎቶግራፎቹም መታየት አለባቸው። ራምቦ ግን አልኖረበትም።

የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው የሚያደርጉት ጉብኝት ዚያራ ይባላል። ቤተሰብ ተሰባስቦ ጫት፣ ቡናና ዕጣን ይዞ፣ አንዳንዴም በግ እየነዳ፣ አዋች ከሚባሉት የከተማዋ ቅዱሳን ወደ አንዱ መቃብር ይሄዳል። የቦታው ጠባቂ፣ ሙሪዱ፣ ይቀበላቸዋል። ዱዓ ይደረጋል፣ ከበሮ ይመታል፣ የውዳሴው ዜማ፣ ዚክሪ፣ ይዜማል፣ የመጣው ምግብም ለሁሉም ይደርሳል። ዩኔስኮ በግንብ የታጠረችውን ሐረር ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአዋች መቃብሮች እንዳሏት አስፍሯል። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ ግንብ ይህ ብዙ ነው። የሁሉም አባት ተደርገው የሚታዩት አው አባድር ሲሆኑ፣ ትውፊቱ ከዐረብ አገር ከበርካታ ተከታዮቻቸው ጋር መጥተው ከተማዋን እንዳደራጁ ይናገራል።

ግንቡን ያስገነቡት አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነበር። የአዳሉ መሪ ኢማም አህመድ ከሞቱ በኋላ ሐረር ከየአቅጣጫው ተከብባ፣ ረሃብና ወረርሽኝም ተፈራርቀውባት ነበር። አሚሩ ራሳቸው ዛሬ አረንጓዴ ጉልላት ባለው መቃብር አርፈው ከሚዘየሩት አንዱ ሆነዋል። በ1847 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ገብቶ ዐሥር ቀን ሲሰነብት ከተማዋ ገና በአሚሮች እጅ ነበረች። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች ያዟት፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለቀው ሄዱ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ምኒልክ አሚር አብዱላሂን ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ገቡና የአሚሮቹ ዘመን በዚያው አበቃ።

ቤተ መንግሥቱ ባለቤቱን ሲለውጥ መቃብሮቹ አልለወጡም። ምክንያቱ ቀላል ይመስላል፦ የሚጠብቃቸው መንግሥት አልነበረም። ሙሪዱ ጠባቂነቱን ከአባቱ ይወርሳል፤ ወጪውን ጎረቤት ያዋጣል፤ ለሠርግም ለሐዘንም የሚሰባሰበው ማኅበር፣ አፎቻ፣ ሰውን ያገናኛል። የሴቶችና የወንዶች አፎቻ ለየብቻ ሲሆን፣ የበዓሉን ድስት የሚጥዱት ሴቶቹ ናቸው። የሐረርን ባህል ግንቡ አቆየው ሲባል ይሰማል። እነዚህ ሴቶች ከግንቡ በላይ አቆይተውታል ብሎ መከራከር ይቻላል።

ለዚህ ማስረጃው ቤቱ ውስጥ ነው። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ጫማ አውልቆ የገባ እንግዳ ፊት ለፊቱ አምስት መደቦች ደረጃ በደረጃ ተነስተው ያገኛል። ነደባ ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም ከአምስቱ የእስልምና ማዕዘናት ጋር ይያያዛል። በሩን የሚያየው አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ ሰፊው ግድር ነደባ ቤተሰብና እንግዳ ይቀመጥበታል። ወለሉና መደቡ ቀይ አፈር የተቀባው ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተሰቀለ ቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለው ማለት ነው። በጎን ያለችው ጠባብ ክፍል፣ ኪርተት፣ የሙሽሮች ነበረች።

ግድግዳው የስፌት ነው። ሴት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ባለሙያ ቤት እየተቀመጠች ከሣርና ከአለላ መስፋት ትማራለች። ከምትሠራቸው አንዱ ስትዳር ለአማቷ የምትሰጠው ነው። እያንዳንዱ ስፌት የተመደበ ቦታ ስላለው የምታውቅ እንግዳ ግድግዳውን አይታ ስለ ቤቱ እመቤት ብዙ ትረዳለች።

ምግቡም ከንግድ መስመሩ ጋር የተጋመደ ነው። ሁልበት መረቅን እንውሰድ። የአብሽ ዱቄት ይዘፈዘፋል፣ ምሬቱ እንዲወጣ ከላይ የጠለለው ውኃ ይደፋል፣ ከዚያ ነጭ አረፋ እስኪሆን በእጅ ይመታል። መጨረሻ ላይ በትኩሱ የሥጋ መረቅ ላይ ይደረጋል። ከቀይ ባሕር ማዶ የመን ውስጥም አብሽ በዚሁ መንገድ ይመታል፤ ይህም የሐረር ነጋዴ በዘይላ ወደብ በኩል ሲመላለስ ምን ይዞ እንደተመለሰ ይጠቁማል። ቡናውን ለዓለም የሸጠችው ከተማ ደግሞ ቤቷ ውስጥ የቡናውን ቅጠል አፍልታ ቁጢ ትጠጣለች።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚገናኙበት በዓል ሹዋሊድ ነው። ከረመዳን ቀጥሎ ባለው የሸዋል ወር ስድስት ቀን ይጾማል፤ በረመዳን የተፈቱትን ቀናት ለማካካስ ነውና በተለይ ሴቶች ይጾሙታል። ጾሙ ሲያበቃ በአው ሹሉም አህመድና በአው አክበራ መቃብሮች ዙሪያ ዚክሪው፣ ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው እስኪነጋ ይቀጥላል። ድሮ ወጣቶች የትዳር ጓደኛ የሚመርጡት በዚያ ሌሊት ነበር። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ቦትስዋና ላይ ተሰብስቦ ሹዋሊድን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው፤ ለኢትዮጵያ አምስተኛዋ መሆኑ ነው።

የሙሐረም ወር ዐሥረኛ ቀን፣ ዓሹራ፣ ሲደርስ ተጋባዡ ይለወጣል። በአው ሐኪም ተራራና በሌሎች መቃብሮች ቅቤ የጠጣ ገንፎ ለጅብ ይቀርባል። ሽማግሌዎች ቆመው የሚመለከቱት ስንቱን እንደበላ ነው፦ ከግማሽ በላይ በልቶ ጥቂት ከተወ ዓመቱ መልካም ነው፤ ሙጥጥ አድርጎ ከጨረሰ ወይም ጭራሽ ካልቀመሰ ያሰጋል። በየምሽቱ ከግንቡ ውጭ ለጎብኚ የሚታየው ሥጋ ማብላት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ሥራ ነው።

ሁሉም ግን በዚያራ አይስማማም። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ከመቃብር ዘንድ መለመን ከእምነቱ ውጭ ነው የሚሉ ድምፆች ሐረርም ገብተዋል፤ በአንድ ቤት ውስጥ እናት ሄዳ ልጅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ቁጥሩም ያሳስባል፦ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ ሐረሪዎቹ 8.65 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዎች በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ ከተባለው የፖለቲካ እንቅስቃሴ በኋላ ወደ አዲስ አበባና ድሬዳዋ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ እስከ ቶሮንቶና ዋሽንግተን ተበትነዋል። ዛሬ በሹዋሊድ ሰሞን ከውጭ የሚመጡት ልጆች ወላጆቻቸው ያደጉበት ነደባ ላይ ይተኛሉ፤ አንዳንዱ ቤትም የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ለማንም ተከፍቷል። በሰሞኑ መሄድ ያሰበ ቤተሰብ ክፍሉን ቀደም ብሎ መያዝ አለበት፤ በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ይቀድማል።