የከሰል ጣቢያና የጎረቤቶቻችን አመጣጥ

በማስተምርበት ክፍል የቀይ ባሕር ታሪክ በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «አውሮፓውያን አሰብንና ኦቦክን የመሰለ ደረቅ ምድር ለምን ፈለጉት?» አብዛኞቻችን ዐይናቸው ደጋው ላይ ስለነበር ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ቀዳሚው ጉዳይ የመርከብ ማገዶ ነበር።

የሸራ መርከብ ነፋስን በነፃ ያገኛል። የእንፋሎት መርከብ ግን ያለ ከሰል አይነቃነቅም፤ ከሰል ባበዛ መጠንም ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ይጠበዋል። ስለዚህ በየመንገዱ የከሰል መጋዘን ያሻዋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 አደንን ሲይዙ አንዱ ዋና ምክንያታቸው በሱዌዝና በቦምቤይ መካከል ለሚመላለሱ መርከቦቻቸው እንዲህ ያለ ጣቢያ ማግኘት ነበር።

ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክን ከአፋር ባላባቶች በ10,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ገዝታ ሃያ ዓመት ያህል ችላ አለችው። በኅዳር 1869 የሱዌዝ ቦይ ሲከፈት፣ የኢጣልያው የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በዚያው ወር አሰብ ላይ ለከሰል ጣቢያ የሚሆን መሬት ተዋዋለ። በ1882 የኢጣልያ መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ፤ በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ በ1896 ዐድዋ ላይ ተገናኘን።

ፈረንሳይስ? በ1880ዎቹ አጋማሽ ከቻይና ጋር ስትዋጋ፣ እንግሊዝ ገለልተኛ ነኝ በማለት የአደንን ከሰል ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች ነፈገች። በሰው ማገዶ መታመን የሚያስከትለውን ያኔ የተረዳችው ፈረንሳይ በ1884 ላጋርድን ልካ ኦቦክን በእጇ አደረገች። የጅቡቲ መነሻ ይኸው ነው።

ነገር ግን ማገዶ የሰጠውን ሀብት መንገድ ሊነሣው ይችላል። በ1950ዎቹ አደን በዓለም ከታወቁት የመርከብ ነዳጅ መሙያ ወደቦች አንዷ ነበረች። በ1967 የሱዌዝ ቦይ ለስምንት ዓመት ሲዘጋ ግን ገበያዋ ተበተነ።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ባሕር በር ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «መሬቱ የማን ነው?» ብለን ብቻ ነው። የያኔዋ ፈረንሳይ ባሕርም ነበራት፣ መርከብም ነበራት፤ የቸገራት ከሰሉ ነበር። ነዳጁን የሚሞላውና የሚከለክለው ሌላ ከሆነ፣ ወደብ ቢገኝ እንኳ መርከባችን የምትንቀሳቀሰው በሰው ፈቃድ ነው። ክርክራችን ከካርታው አልፎ እስከ ነዳጅ ማከማቻው ድረስ ይዝለቅ እላለሁ።

ልብ ያለው ልብ ይበል።