ሴት መርከበኞች በኢትዮጵያ

ሴት መርከበኞች በንግድ መርከቦች ላይ በመኮንንነት፣ በመሐንዲስነት፣ በመስተንግዶና በሌሎች ሙያዎች የሚያገለግሉ ሴቶች ናቸው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የባሕር በሯን ብታጣም መርከቦቿ ሥራቸውን አላቋረጡም። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመውን የንግድ መርከብ ድርጅት የወረሰው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ዋና መሥሪያ ቤቱ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ለገሐር ነው።

ሥልጠና፦ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለመርከብ መሐንዲስነትና ለኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንንነት ያበቃል።

የሥራ ሁኔታ፦ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የ10 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ ዕረፍቱ ከሁለት በላይ አይከፈልም፣ አንደኛው ክፍልም ከ6 ሰዓት አያንስም። ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ መኝታ ክፍልም ግዴታ ነው።

ችግሮች፦ ከዓለም የንግድ መርከበኞች መካከል የሴቶች ድርሻ 2 በመቶ አይሞላም። አንዲት ሴት ወራት በሚፈጅ ጉዞ ከወንዶች መካከል ብቻዋን ልትሆን ትችላለች፤ የሞተር ክፍል ቱታና የደኅንነት ጫማም ብዙውን ጊዜ በወንድ ልክ የተሠራ ነው። ትንኮሳ ሲደርስባት ያለ ፍርሃት የምታመለክትበት መንገድ ካልተበጀ፣ የተለየ መኝታ ብቻውን መብቷን አያስከብርላትም።