ከሞያሌ ወደ ደቡብ፣ ከሞያሌ ወደ ሰሜን

ጠጋ በሉ ወገኖቼ፤ ስለ ሞያሌ ተማሪዎችና ስለ ሩጫቸው ላውጋችሁ። ሞያሌ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ ናት። በኬንያው በኩል፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ ቦረናውና ገብራው፣ ቡርጂውና ገሪው፣ ሶማሌውም በአንድ ገበያ ይገናኝባታል፤ የእነዚህ ሁሉ ልጆችም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ወንበር ይቀመጡባታል።

የኬንያ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው፤ መጀመሪያ በወረዳ፣ ከዚያም በካውንቲ፣ ከዚያም በክልል፣ ከዚያም በአገር፣ የቀናው ደግሞ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ይዘልቃል። ለናይሮቢ ልጅ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የከተማ አውቶቡስ ጉዞ ናቸው። የሞያሌው ልጅ ግን ማርሳቢት ከተማ ለመድረስ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ክልሉ ደግሞ ሜሩንና ኤምቡን፣ ኪቱይንና ማቻኮስን ይዞ ከኢሲዮሎ ወዲያ የሚዘረጋ ነውና፣ ኢሲዮሎ ለመድረስ ብቻ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አለበት።

አሁንስ አስፋልት ነው፣ ተመስገን። አስፋልቱ ሳይደርስ ግን መንገደኛው ከብት በጫነ መኪና አናት ላይ ይወጣና፣ ብረቱን ጨብጦ፣ አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ፣ ሶሎሎን ያልፍና፣ ቱርቢን ያልፍና፣ ከዚያም ዲዳ ጋልጋሉ ሜዳ ይገባል። ጥቁር ድንጋይ፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ፣ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፤ ቀን ፀሐዩ ይጠብሰዋል፣ ሌሊት ነፋሱ ያንዘፈዝፈዋል፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ያድራል። ከዚያም የማርሳቢትን ተራራ ሲወጣ ጭጋጉና ደኑ ይቀበሉታል፣ አቧራውም ፊቱ ላይ ይረጥባል። እንዲህ ተጉዞ ከደረሰ ልጅ እግር ደግሞ ፍጥነት ይጠበቃል!

ቱርቢ ላይ ግን ዝም ብለን አንለፍ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2005 ማለዳ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት፣ ታጣቂዎች መንደሩንና ትምህርት ቤቱን ወረሩ። ከ50 በላይ ሰው አለቀ፤ ከእነዚያም ውስጥ ከ20 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ገብራና ቦረና የተቃቃሩበት ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ደግሞ ሞያሌ ራሷ ተቃጠለች፣ ሰው ልጁን አዝሎ ድንበር ተሻግሮ ተሰደደ። ይህን የምታውቁ ወላጆች ናችሁና፣ በዱላ ቅብብል ሩጫ የገብራው ልጅ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጥቶ ለቦረናው ልጅ ሲያቀብል፣ የቦረናውም ልጅ ወደ ኋላ ዞር ሳይል እጁን ሲዘረጋ ማየት ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ሁለቱም የለበሱት አንድ ማልያ ነው።

ወደ ሩጫው እንመለስና፣ ሞያሌ በሁለት የሩጫ አገሮች መካከል ተቀምጣለች። በደቡብ የኬንያዋ ኢተን አለች፤ አየርላንዳዊው ብራዘር ኮልም ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1976 ጂኦግራፊ ሊያስተምር ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት መጣና፣ የአሠልጣኝነት ትምህርት ሳይኖረው ልጆቹን እያየ ተማረ፣ ከዚያም ተማሪው ፒተር ሮኖ በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ በ1,500 ሜትር ወርቅ አገኘ፣ ሯጩ ዴቪድ ሩዲሻም በእሱ እጅ አደገ። በሰሜን ደግሞ የኢትዮጵያዋ በቆጂ አለች፤ የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ሜዳ ላይ ሲቆም ደራርቱ ቱሉ መጣች፣ ከዚያም ቀነኒሳ መጣ፣ ከዚያም ጥሩነሽ መጣች፤ በ2008 በቤጂንግ የ5,000ና የ10,000 ሜትር ወርቅ፣ የወንዱም የሴቱም፣ ሁሉም ወደዚያች ትንሽ ከተማ ልጆች ሄደ።

ሞያሌ ቆላ ናት፤ ኢተን 2,400 ሜትር፣ በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆኑ እሷ ከ1,000 ጥቂት ነው የምትበልጠው። ስለዚህ ሌላ ቀነኒሳ ሁኑ ብዬ በልጆቹ ላይ ሸክም አልጭንም፤ 400 ሜትርም ሩጫ ነው፣ ዝላይም፣ ውርወራም አለ። የምመኝላቸው የሚቆይ መምህር ነው። ብራዘር ኮልም ቆየ፣ ስንታየሁም ቆየ። ልጅ በአንድ ዓመት አይታወቅማ፤ ዛሬ ከኋላ የቀረችው ልጅ በሦስተኛው ዓመት ቀድማ እንደምትገባ የሚያየው፣ ያን ጊዜ እዚያው ያለ ሰው ብቻ ነው። ወደ ድንበር ከተማ የተመደበ መምህር ደግሞ ዝውውር ቢጠይቅ አልፈርድበትም፤ ሩቅ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ስጋትም ነበረ። የቆየውን ግን ሞያሌ ቤት ሰጥታ፣ ወተት አጠጥታ ልትይዘው ይገባታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የኬንያዋ ሞያሌ ልጅ ሲያሸንፍ ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ የኢትዮጵያዋ ሞያሌ ልጅ ሲያሸንፍ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ አክስትና አጎት የሚጋሩ ልጆች በአንድ መስመር ላይ ሳይቆሙ ትምህርታቸውን ይጨርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ዓቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ እዚያው ሞያሌ ተገኝተው የጋራውን የድንበር ኬላ መርቀዋል፤ ጭነትና መንገደኛ እንዲያልፍበት ነው የተሠራው። በዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ተማሪዎች ይለፉበት፤ መነሻው በአንደኛው ሞያሌ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ መድረሻው በሌላኛው ይሁን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይገላበጥ። የሁለቱ ወገን ርዕሳነ መምህራን ተገናኝተው ቡና ይጠጡና ቀኑን ይቁረጡ።