ዜሮ ሲቆጠር ድኗል ማለት ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቆዳው ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የትል እጮች የሚርመሰመሱበት ሰው መድኃኒት ብትሰጡት፣ መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? «ተሻለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል?

ለኦንኮሰርኪያሲስ አልበቃም። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው በፈጣን ወንዝ ዳር የምትራባ ጥቁር ዝንብ ናት። በምዕራብ አፍሪካ ሳቫና ዓይን በማጥፋት ይታወቃል፤ በእኛ አገር፣ እነ ከፋና ጅማ አካባቢ፣ ጎልቶ የሚታየው ግን እንቅልፍ የሚነሳው ማሳከክ ነው።

በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዳይኢታይልካርባማዚን የሚባል መድኃኒት መጣ። እጮቹን ይገድላል፤ ችግሩ፣ በሰዓታት ውስጥ ማሳከኩ ይብሳል፣ ሽፍታና ትኩሳት ይከተላል። ሜክሲኳዊው ሉዊስ ማዞቲ ይህንኑ ሥቃይ መመርመሪያ አደረገው፦ ትንሽ መድኃኒት ስጥ፣ ካሳከከው ትሉ አለበት። እንግዲህ መድኃኒቱ ሲሠራ በሽተኛው የሚብስበት ከሆነ፣ ስሜቱን መለኪያ ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ መቁጠር ግድ ሆነ። ከዳሌ አጥንት በላይ የሩዝ ፍሬ እንኳ የማታክል ቆዳ ትቆረጣለች፤ ደምም እምብዛም አይወጣ። የጨው ውኃ ውስጥ ስትቀመጥ እጮቹ እየተጥመለመሉ ይወጣሉ፣ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። ቁራጯ ስለምትመዘን፣ «በአንድ ሚሊግራም ይህን ያህል» ይባላል። ያው ሰው ከሕክምና በፊትና በኋላ ከራሱ ጋር ይነጻጸራል።

እ.ኤ.አ. በ1981 መሐመድ አዚዝ ዳካር ላይ አይቨርሜክቲንን በሰው የሞከረው በዚሁ ቆጠራ ነው። መድኃኒቱ ቀድሞ የታወቀው በከብትና በፈረስ ነበር (እንስሳቱ ቀደሙን ማለት ነው)። የእጮቹ ቁጥር አሽቆለቆለ፣ ለወራትም ዝቅ እንዳለ ቆየ፤ የማዞቲው ዓይነት መቀጣጠልም በአብዛኛው ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 አምራቹ ሜርክ መድኃኒቱን በነፃ ለመስጠት ቃል ገባ።

ቆጠራው ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ከቆዳ ሥር እብጠት ውስጥ የተቀመጠችው እናት ትል ከአሥር ዓመት በላይ ትኖራለች፤ አይቨርሜክቲን እጭ መልቀቋን ለጊዜው ያስቆማል እንጂ እሷን አይገድልም። በወሩ የቆጠረ ሐኪም «ዜሮ» ይላል። በዓመቱ የቆጠረ እጮቹ መመለስ መጀመራቸውን ያያል። ኪኒኑን ወስዶ በዓመቱ ያሳከከው ገበሬ «መድኃኒቱ አይረባም» ቢል አይፈረድበትም፤ ለዚህም ነው እደላው በየዓመቱ፣ አንዳንድ ቦታም በዓመት ሁለቴ፣ የሚደገመው።

አሁን ደግሞ ስርጭቱ መቆሙን ለማወቅ የሚታየው ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደም ነው። ጸረ እንግዳ አካሉ ካልተገኘባቸው፣ እነሱ ከተወለዱ ወዲህ ዝንቧ ትሉን አላደረሰችላቸውም ማለት ነው።