ሞተሩ ቅዳሜ ይደርሳል

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድን ጋራዥ በር አልፎ የገባ ሰው፣ መካኒኩና ረዳቱ የሚነጋገሩበትን አማርኛ ልብ ብሎ ቢያዳምጥ፣ ግሱ የራሳችን፣ ስሙ ግን የጣሊያን ሆኖ ያገኘዋል። «ቴስታታውን አውርደው፤ ጓርኒሲዮኑን እንዳትቀደው፤ እስቲ ካቻቢቴውን አቀብለኝ» ይባባላሉ። መኪና የሚለው ቃል ራሱ «ማኪና» ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ቺንጋ፣ ብሎን፣ ሞርሳ፣ ሁሉም ከሮም አገር የመጡ ናቸው። ታርጋውና ቦሎውም እንዲሁ። መምህሩ ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ትምህርቱ ግን በዚያው በእርሱ ቋንቋ እየተሰጠ ቀጥሏል።

ይህን ለማስተዋል ጊዜ ያገኘሁት ወድጄ አይደለም። የቤተሰባችን ታክሲ ሞተሩ ከወረደ ሁለት ወር ተኩል አልፎታል፤ እኔም ከሥራ መልስ ባለጋራዡ ባቀረቡልኝ አሮጌ ቸርኬ ላይ እየተቀመጥሁ «ቅዳሜ ይደርሳል» የሚለውን ቃል ስሰማ ከርሜያለሁ። መኪናዋ አባታችን በደርግ ዘመን የገዛት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ናት። እርሱ ካረፈ ወዲህ ታናሽ ወንድሜ ይነዳታል፤ የእናታችን ቤት የሚተዳደረውም በእርሷ ነው።

ላዳችን ባለ 1,452 ሲሲ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ የእያንዳንዱ ሲሊንደሯ ስፋት 76 ሚሊሜትር ነበር። ሲሊንደር በሥራ ብዛት ተበልቶ ሞላላ ሲሆን፣ ቶርኖ ቤት ተወስዶ በጥቂቱ እንዲሰፋ ይደረግና ልኩን ያገኘ ትልቅ ፒስተን ይገባበታል። ለዚህ ሞተር ፋብሪካው ያዘጋጀው የዕድሳት ፒስተን ሁለት ልክ ብቻ ነው፤ አንዱ በ0.4፣ ሌላው በ0.8 ሚሊሜትር የሚበልጥ። የእኛዋ ሁለቱንም ዕድሏን ጨርሳለች። የቀረው ምርጫ ወይ ከሶማሌ ተራ ታሪኩ የማይታወቅ ሞተር ገዝቶ ዕድልን መሞከር፣ ወይ ብሎኩን እስከ 79 ሚሊሜትር አስፍቶ የታላቅ እኅቷን ፒስተን ማልበስ ነበር። እንዲህ ሲደረግ ሞተሩ 1,569 ሲሲ ይሆናል። በልክ እንደሚሰፋ ሱፍ ማለት ነው። ባለጋራዡ ሁለተኛውን መከሩን፤ እኛም ተስማማን።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ሲገባ፣ መኪናዋ ብትታመም የሚያክማት ሰው በከተማው አልነበረም። ባለሙያው ከመኪናው ጋር አብሮ መምጣት ነበረበት። የጋራዥ ሙያ በሰፊው የተተከለው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። የፋሺስቱ ጦር በካሚዮን የሚሄድ ጦር ነበር። ለካሚዮኑ መንገድ፣ ለመንገዱ ድልድይ፣ ለሁሉም ጋራዥ አስፈለገው። ኢትዮጵያዊው ወጣት እዚያ የሚገባው ዕቃ ሊያቀብል ነው፤ ሊያስተምረው ያሰበ የለም። ዕቃ የሚያቀብል ሰው ግን ስሙን ሳይሳሳት ማወቅ አለበት፤ ቢሳሳት የሚቀምሰው ስድብ ብቻ አይሆንም። ስሙን ያወቀ ቦታውን ያውቃል፤ ቦታውን ያወቀም ውሎ አድሮ በሽታውን ማወቁ አይቀርም። የጋራዥ አማርኛ የተወለደው በዚህ ማቀበል ውስጥ ይመስለኛል። ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የጣሊያን የእጅ ባለሙያዎች አገር ውስጥ እንዲቆዩ ስለፈለጉ፣ ቋንቋው ከጠላት ጦር ጋር ተጠቅልሎ አልወጣም። የፊያት 600 ታክሲ እንኳ በከተማችን የታወቀችው በጣሊያን ቁጥር «ሰይቼንቶ» ተብላ ነው።

የሚገርመው የላዳዋ ነገር ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1958 ዓ.ም. ከፊያት ጋር ተዋውላ በቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ አቆመች፤ በ1962 ዓ.ም. ከዚያ መውጣት የጀመረችው መኪና መልኳ የፊያት 124 ነው። ፋብሪካው ያለበት ከተማም ቶሊያቲ የተባለው በጣሊያኑ ኮሙኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም ነው። ሞተሩን ሩስያውያን በራሳቸው መንገድ ለውጠውታል፤ ካምሻፍቱን ከላይ አውጥተው አስቀምጠውታል። ያም ሆኖ ላዳ የሶሻሊስት ወዳጅ አገር ዕቃ ተብላ ስትገባ፣ የአዲስ አበባ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ያገኘው የድሮ ወዳጁን ዘመድ ነው። አዲስ ቃል መማር አላስፈለገውም።

እንግዲህ ሞተሩ ለምን ዘገየ? ቶርኖ ቤት ፒስተኑን በእጁ ይዞ ሳይለካ ብሎክ አይነካም። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚቀረው ክፍተት ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ነው። ከጠበበ ሞተሩ ሲግል ይነክሳል፤ ከሰፋ ያንኳኳል፤ ዘይትም ይበላል። አንዴ የተቀረጠ ብረት ደግሞ አይመለስም። አራቱም ፒስተኖች በቅርጽና በክብደት እኩል መሆን አለባቸው። ባለጋራዡ ከሶማሌ ተራ ሦስት እኩያሞች አገኙ። አራተኛዋን ከሌላ ሱቅ አምጥተው ወርቅ ቤት አስመዘኗት፤ ከበደች። ክብደት በመፋቅ ይስተካከላል፤ የእርሷ አናት ግን ከሦስቱ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለዚያ መድኃኒት የለውም።

«ጋሼ፣ ይህች ትንሽ ልዩነት ምን ታመጣለች?» አልኋቸው።

«አንተ በአንድ እግርህ የወንድምህን ጫማ አድርገህ እስከ ቃሊቲ ሂድና ና፤ ከዚያ ትነግረኛለህ» አሉኝ።

በከተማችን ጋራዥን ውሸታም ማለት የተለመደ ነው። ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም። ነገሩን ከመጀመሪያው በግልጽ ነግረውን ቢሆን ወንድሜ በማግሥቱ የሰው መኪና ተቀጥሮ ይነዳ ነበር። «ቅዳሜ» እየተባለ ግን እያንዳንዷ ቅዳሜ ስድስት የሥራ ቀን በልታበታለች። እናታችንም «የትኛው ቅዳሜ ነው፣ የስቅለት ማግሥት ያለው ነው?» ማለት ጀምራለች። በዚህ ባለጋራዡን ነጻ አላወጣቸውም። ሦስቱን ከአንዷ ጋር አዳብለው ገጥመው ገንዘባቸውን ተቀብለው ሊሸኙን ግን ይችሉ ነበር፤ ጉዱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ያን አላደረጉም።

የፒስተኑ መጥፋትም ከእርሳቸው በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አገር ለእንዲህ ያለው ውሳኔ ምክንያት አያጣም። ጋራዥ በር ላይ ሲታይ ግን የነገሩ ትርጉም፣ ቀድሞ በኪሎ ለብረት ገዢ ይሸጥ የነበረው ብሎክ ዛሬ እንደ ቤተሰብ ቅርስ መያዙ ነው።

ከረዳቶቹ አንዱ ማታ ማታ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ይማራል። ካንዴላ የለው፣ ማርሚታ የለው፣ ጓርኒሲዮን የሚቀደድበት ቴስታታ የለው። ቀን ቀን ግን በጣሊያንኛ የተጠየቀውን ዕቃ ሲያቀብል ይውላል። ሰይቼንቶ ምን እንደሆነች ጠይቄው አያውቃትም።

የእኛ ብሎክ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ትናንት አዳማ አንድ ሱቅ ውስጥ አራቱም የተሟሉ አሉ የሚል ስልክ መጥቷል። ወንድሜ ነገ በሌሊት ይነሣል። ባለጋራዡ የሚፈለገውን ልክ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ሰጥተውታል፤ ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ «ሳትለካ እንዳትከፍል» ብለውበታል።