አመነ

ችሎት ፊት የቆመ ተከሳሽ ክሱ ከተነበበለት በኋላ የእምነት ክህደት ቃሉን ይጠየቃል። ጥፋቱን ከተቀበለ «አመነ»፣ ካልተቀበለ «ካደ» ይባላል። ይኸው ግሥ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አለ። ባለሱቁም ካመነህ ነው በዱቤ የሚሰጥህ! ሥሩ የግእዝ ነው፤ እውነት ማለት የሆነው «አማን» ዘመዱ ነው።

ጴጥሮስን አስቡት። በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ ጌታውን ካደ፤ ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ አለቀሰ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ደግሞ በባሕሩ ዳር ሌላ የከሰል እሳት ይነዳል፤ የተካደው ራሱ ቁርስ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ ሦስት ጊዜም ይወደው እንደሆነ ይጠይቀዋል። ጥፋትን ማመንና ተስፋ አድርጎ ማመን በአንድ ግሥ መነገራቸው፣ ለእኔ፣ የቋንቋው ድህነት አይደለም።

አደራ፣ «ዕምነት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቃሉ በአልፋው አ ነው።