ከቁልቁለት አቧራ እስከ ቢጫ ማልያ

ኦክቶበር 21 ቀን 1976፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፌርፋክስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶቻቸውን እየገፉ አንድ ኮረብታ ላይ ወጡ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብስክሌቶቹ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ፣ ጎማቸው ወፍራም፣ ክብደታቸው ትከሻ የሚሰብር ነበሩ። ውድድሩ ከአናት እስከ ግርጌ ነው፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል መውረድ። ፍሬኑ ፔዳልን ወደ ኋላ ሲረግጡ የሚይዘው ዓይነት ስለነበር፣ ታች እስኪደረስ በኋላው ቸርኬ መሐል ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ፈትቶ ግራሶ መሙላት ግድ ነበር። መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፦ «ሪፓክ»፣ እንደገና ሙላ እንደ ማለት። በመጀመሪያው ቀን አለን ቦንድስ አሸነፈ። ምስጢሩ ቀላል ነበር፤ ሳይወድቅ የደረሰው እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ ቁልቁለት የተወለደውን ማውንቴን (የተራራ) ብስክሌት የፈጠሩት ኮርስ (የጎዳና) ብስክሌትን የጠሉ ሰዎች የሚመስለው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከሪፓክ ፊታውራሪዎች መካከል ጌሪ ፊሸርና ጆ ብሪዝ በቀጭን ጎማ አስፋልት ላይ የሚወዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ ቁልቁለቱ መዝናኛቸው ነበር። መዝናኛው ግን ሥራ ሆነ። በ1977 ብሪዝ ለተራራ ብቻ የታሰበ ብስክሌት ሠራ፤ በ1979 ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ቶም ሪቺ የሚበይዳቸውን ብስክሌቶች መሸጥ ጀመሩ፤ በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ በፋብሪካ በብዛት የተመረተውን «ስታምፕጃምፐር» ገበያ ላይ አወጣ። በ1990 ዱራንጎ፣ ኮሎራዶ ላይ የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። ከኮረብታው እስከ ኦሎምፒክ የፈጀው በጠቅላላ 20 ዓመት ነው።

አትላንታ፣ 1996። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ኮንየርስ፣ በጆርጂያ የሐምሌ ሙቀት፣ ጣሊያናዊቷ ፓኦላ ፔዞና ኔዘርላንዳዊው ባርት ብሬንትየንስ የስፖርቱን የመጀመሪያ ወርቆች ወሰዱ። በወንዶቹ ሁለተኛ የወጣው ስዊዘርላንዳዊ ቶማስ ፍሪሽክኔክት በዚያው ኦሎምፒክ በጎዳናውም ውድድር ተሰልፏል። አሜሪካዊቷ አሊሰን ደንላፕ በአትላንታ የሮጠችው በጎዳና ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ በማውንቴን መጣች፣ በ2001 ደግሞ ቬይል ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በሁለቱ መካከል መሻገር እንደሚቻል እነዚህ ሰዎች ቀድመው አሳይተዋል።

በኮንየርስ ዘጠነኛ የወጣ አንድ የ19 ዓመት አውስትራሊያዊም ነበር። ካዴል ኢቫንስ ይባላል።

የተወለደው በሰሜናዊ አውስትራሊያ ካትሪን በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ሕፃንነቱን ያሳለፈው ባሩንጋ በተባለ የነባር ሕዝቦች መንደር ነው። በልጅነቱ ፈረስ ጭንቅላቱን ረግጦት ለቀናት ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል ተኝቷል። በ1998 እና በ1999 የማውንቴን የዓለም ዋንጫን አጠቃላይ ደረጃ በተከታታይ ወሰደ፤ ሲድኒ ላይ፣ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት፣ ሰባተኛ ወጣ። ለአውስትራሊያውያን ይህ ቅር የሚያሰኝ ውጤት ነበር። ለእሱም ሳይሆን አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ አስፋልት አዙሯልና።

ሁለቱ ሙያዎች በወቅቱ ምን ያህል ይራራቁ እንደነበር መናገር ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን የማውንቴን ተወዳዳሪ ጎማው ቢፈነዳ፣ ካቴናው ቢበጠስ የሚጠግነው ራሱ ነው፤ ከውጭ እጅ ማስገባት ክልክል ነበር። ስለዚህ መፍቻና ትርፍ ካላማዳሪ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው ሰው የማያግዘው ብቸኛ ነው። ጎዳናው ግን የቡድን ሥራ ነው። አንዱ ነፋስ ይሰብራል፣ ሌላው ውኃ ያመላልሳል፣ ከኋላ የምትከተለው መኪና ትርፍ ብስክሌት ጭናለች፤ ክብሩ ግን የአንድ ሰው ነው። ብቻውን መሥራት የለመደ ሰው ስምንት ሰው እንዲያገለግለው ማድረግ ቀላል አይሆንለትም። የኢቫንስ የጎዳና ዘመን ግማሹ ታሪክ ይኸው ችግር ይመስለኛል።

ጣሊያናዊው አሰልጣኝ አልዶ ሳሲ በማፔይ ቡድን የምርምር ማዕከል ሲለካው በውጤቱ ተደነቀ። በ2002 ኢቫንስ በመጀመሪያው ጂሮ ዲ ኢታሊያው የመሪነቱን ሮዝ ማልያ ለበሰ፤ ከአውስትራሊያ የመጀመሪያው ነበር። ለበሰው እንጂ አላቆየውም። በማግስቱ በመጨረሻው ዳገት ጉልበቱ ከዳው፤ ብስክሌቱ እየተወላገደ፣ ተቀናቃኞቹ አንድ በአንድ እያለፉት ከ10 ደቂቃ በላይ አጥቶ ደረሰ፤ ጂሮውን በ14ኛነት ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት የአንገት አጥንቱ ደጋግሞ ተሰበረ።

ከዚያ የሰከንዶቹ ዘመን መጣ። በ2007 ቱር ደ ፍራንስን በ23 ሰከንድ ልዩነት ለአልቤርቶ ኮንታዶር፣ በ2008 በ58 ሰከንድ ለካርሎስ ሳስትሬ አስረከበ። በሦስት ሳምንት ጉዞ ውስጥ 23 ሰከንድ ማለት አንድ ሰው ጎማ ቀይሮ የሚነሣባት ጊዜ አትሞላም። ተቺዎች ከሰው ጎማ ኋላ ተለጥፎ የሚኖር፣ የማያጠቃ ተወዳዳሪ ነው ይሉት ጀመር። መልሱን በ2009 ሜንድሪዚዮ ላይ ሰጠ፦ በመኖሪያው ሰፈር አቅራቢያ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በመጨረሻው ዙር ጥሎ ወጥቶ ብቻውን ገባ። በ2010 ጂሮ ደግሞ ወደ ሞንታልቺኖ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ዝናቡ አፈሩን ጭቃ አደረገው። የጎዳና ከዋክብት ሲንሸራተቱ፣ የቀስተ ደመና ማልያው በጭቃ ተለስኖ ያልታወቀው የዓለም ሻምፒዮን አንደኛ ሆኖ ብቅ አለ። የድሮ ትምህርቱ ነበርና አይገርምም።

በዚያው ዓመት ቱር ላይ ክርኑ ተሰብሮ የመሪውን ቢጫ ማልያ ለብሶ፣ በቀጣዩ ተራራ ስምንት ደቂቃ ያህል አጥቶ አለቀሰ። በዓመቱ መጨረሻ አልዶ ሳሲ በአንጎል ዕጢ ሕመም አረፈ።

በ2011 ቱር ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሉክሰምበርጋዊው አንዲ ሽሌክ ገና 60 ኪሎ ሜትር ሲቀር ኢዞዋር ተራራ ላይ ጥሎ ሄደ። በጋሊቢየር ዳገት ልዩነቱ ከአራት ደቂቃ በላይ ሆነ፤ ሌሎቹ ተያዩ፤ ማንም ፊት ሊወጣ አልፈለገም። ኢቫንስ ፊት ወጣ። ነፋሱን እየተጋፈጠ፣ ወደ ኋላ ዞሮ እርዳታ እየጠየቀ እየተከለከለ፣ ልዩነቱን ወደ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ አወረደው። ያን ቀን እንደ ማውንቴን ተወዳዳሪ ሠራ ማለት ይቻላል፤ ያገኘው ረዳት የለምና። በማግስቱ ብስክሌቱ አስቸግሮት ቆመ፣ ቀየረ፣ ደረሰባቸው።

ወሳኙ በግሬኖብል የተደረገው፣ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚፎካከርበት የ42.5 ኪሎ ሜትር የክሮኖ ሜትር ውድድር ነበር። ሽሌክ በ57 ሰከንድ ይመራል። ኢቫንስ ግን ይህንኑ መንገድ ከሳምንታት በፊት በዶፊኔ ውድድር ሮጦበት ነበርና እያንዳንዱን መታጠፊያ ያውቀዋል። ከሽሌክ 2 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ቀድሞ ጨረሰ፤ ቱሩን በ1 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ወሰደ። ዕድሜው 34 ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ቱርን ካሸነፉት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነበር። ድሉን ሲያነሣ ስለ ሳሲ እያለቀሰ ተናገረ።

ከተራራ ወደ አስፋልት የወረደው ሁሉ ግን ንጹሕ ስም አልተረፈለትም። አሜሪካዊው ፍሎይድ ላንዲስ የ2006 የቱር ድሉን በአበረታች መድኃኒት ተነጠቀ። የ1999 የማውንቴን የዓለም ሻምፒዮኑ ማይክል ራስሙሰን በ2007 ቢጫውን እንደ ለበሰ በራሱ ቡድን ከቱር ተባረረ። የ2012ቱን ጂሮ ያሸነፈው ካናዳዊ ራይደር ሄስየዳልም ቀደም ሲል መውሰዱን በኋላ አምኗል።

ኢቫንስ የመጨረሻ ውድድሩን ያደረገው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015፣ ከሜልቦርን ብዙም በማትርቀው ጂሎንግ፣ በራሱ ስም በተሰየመ ውድድር ነበር፤ አምስተኛ ወጣ። ሜልቦርን ለእኛም እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ወደዚያች ከተማ የላከቻቸው 12 ስፖርተኞች ሯጮችና ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ከማራቶን ዝናችን በፊት በጎዳና ብስክሌት ተሰልፈናል።

ዛሬ መሻገሩ እንደ ድሮው አያስደንቅም። ስሎቫኪያዊው ፔተር ሳጋን የጎዳና የዓለም ሻምፒዮን ሳለ በሪዮ ኦሎምፒክ ጎዳናውን ትቶ ማውንቴኑን መረጠ፤ ከኋላ ተነሥቶ ከፊተኞቹ ተርታ ከደረሰ በኋላ ጎማው ፈነዳ። ሁለቱን ሙያዎች እንደ ፈረንሳዊቷ ፖሊን ፌራን ፕሬቮ ያዋሐደ ግን የለም። በ2014 የጎዳና፣ በ2015 የሳይክሎ ክሮስና የማውንቴን የዓለም ሻምፒዮን ሆና ሦስቱን ክብሮች በአንድ ጊዜ ያዘች። ለንደን፣ ሪዮና ቶኪዮ ላይ ሜዳልያ አልቀናትም፤ በመሐሉ የእግሯ የደም ሥር ተጣቦ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለላት። በጁላይ 28 ቀን 2024 ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው ኤላንኩር ኮረብታ ሁለተኛዋን ወደ ሦስት ደቂቃ በሚጠጋ ጊዜ ጥላ ወርቁን ወሰደች። ከዚያ ወፍራሙን ጎማ አስቀምጣ ወደ ጎዳና ተመለሰች፤ የሴቶችን ቱር ደ ፍራንስ ለማሸነፍ ለራሷ ሦስት ዓመት ሰጠች። በ2025 ሚያዝያ ላይ በድንጋይ ንጣፍ መንገዱ የታወቀውን ፓሪስ-ሩቤን አሸነፈች፤ ኦገስት 3 ቀን ደግሞ ሻቴል ላይ ቢጫውን ማልያ ለብሳ አንደኛ ገባች።